የደሴው ቤት የመብራት ቢል ለምን አበጠ?

የምኖረው ጀርመን ነው፤ የእናቴን የደሴ ቤት መብራት የምከፍለው ግን እኔ ነኝ። ቢሉ ሁለት ወር ተከታትሎ ሲያብጥ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቆጣሪውን፣ ቀጥሎ ደግሞ (ይቅር ይበለኝ) ተከራዩን ነበር። እናቴ በበኩሏ ምጣዱ ላይ ፈርዳ ወደ እንጨት ልትመለስ ነበር።

የእህቴን ልጅ በቪዲዮ ደውዬ ቆጣሪው ፊት አቆምኩት። ፍሪጁ ተነቅሏል፣ መብራቱ ሁሉ ጠፍቷል። የቆጣሪዋ ቀይ መብራት ግን ብልጭ ድርግም ትላለች፤ የሆነ ነገር አሁንም ኃይል እየሳበ ነው ማለት ነው።

«ጋሼ፣ አሁንም ትጠቅሳለች!»

ብሬከሮቹን አንድ በአንድ አወረደ። ሦስተኛው ላይ ቀጥ አለች። የቦይለሩ ነው።

ለደሴ ብርድ ብዬ ያስገጠምኩት እኔው ነኝ። ሴፍቲ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚያስወጣው) ሙቅ ውሃ ያንጠባጥባል፤ በምትኩ ቀዝቃዛ ይገባል፤ ቦይለሩ ቀን ከሌት ያሞቃል። 1,500 ዋት የሚስብ ቦይለር በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 12 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በወር 360። ምጣዱ 3,500 ዋት ቢስብም በሳምንት ሁለቴ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢጣድ በወር 60 ገደማ ብቻ ነው። ታሪፉ ደግሞ በእርከን ስለሆነ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል።

ቧንቧ ሠራተኛ ቫልቩን ቀየረ፤ ቴርሞስታቱንም 60 ዲግሪ ላይ አደረግነው። አሁን ቦይለሩ የሚበራው ከመታጠብ በፊት ብቻ ነው። ቢሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ተከራዩን ስለ ሐሜቴ ገና አልነገርኩትም።