የሙዚቃዊ ቴአትር ትኬት ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመድረክ ሙዚቃዊ ድራማ የሚወድ ሰው ትኬት የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ በጉጉት ተይዞ ነው። ዘፈኖቹን በቃሉ ይዟቸዋል፣ የተዋንያኑን ስም አንድ በአንድ ያውቃል፤ የሚከፍልበት ወንበር ከመድረኩ ምን ያህሉን እንደሚያሳየው ግን አይጠይቅም። የሚገዛው አንድን ወንበርና አንድን ምሽት መሆኑን ዘንግቶ የትርኢቱን ስም ብቻ ይገዛል። ከታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

ከሁሉ የሚቀድመው የሚገዙበትን ቦታ አለማጣራት ነው። በኢንተርኔት መፈለጊያ የትርኢቱን ስም ሲጽፉ ከላይ የሚወጣው ገጽ ብዙ ጊዜ ለማስታወቂያ ተከፍሎበት የወጣ እንጂ የቴአትር ቤቱ ገጽ አይደለም። ትኬት አየር በአየር የሚነግዱ ሻጮች ገጻቸውን ከዋናው ጋር አመሳስለው ያዘጋጃሉ፤ በቴአትር ቤቱ መስኮት በመደበኛ ዋጋ የሚገኝ ወንበር እንኳ እነርሱ ዘንድ በእጥፍ ሊቀርብ ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ የግዢ ገደብን በኮምፒዩተር ፕሮግራም እየጣሱ ትኬት ማፈስን ከልክላለች፤ ይሁን እንጂ ሕጉ ትኬትን መልሶ መሸጥን በራሱ ስላልከለከለ ገዢው ራሱ መጠንቀቅ ይኖርበታል። ወደ ቴአትር ቤቱ የራሱ ገጽ ገብቶ ከዚያ መግዛት ይሻላል። በአካል ወደ ትኬት መሸጫው መስኮት መሄድ የሚችል ሰው ደግሞ በኢንተርኔት ግዢ ላይ የሚታከለውን የአገልግሎት ክፍያ ብዙ ጊዜ ከማስቀረቱም በላይ አዳራሹን በሚገባ ከሚያውቅ ሻጭ ጋር ይነጋገራል።

ብዙ ገንዘብና ብዙ ደስታ የሚባክነው ግን በወንበር ምርጫ ላይ ነው። በለንደን የቴአትር ሰፈር በዌስት ኤንድ የሚገኙ ብዙ ቴአትር ቤቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ሰገነቱን የተሸከመው ምሰሶ ከወንበሩ ፊት ለፊት ይቆማል፣ የሰገነቱ ወለልም ከበታቹ ለተቀመጠው ሰው የመድረኩን የላይኛውን ክፍል ይሸፍንበታል። ትዕይንቱ በመሰላል ወይም በፎቅ ላይ የሚካሄድ ከሆነ ከሰገነቱ ሥር በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠ ተመልካች ድምፅ ብቻ ሰምቶ ይመለሳል። የመጀመሪያው ረድፍም ሁልጊዜ ከሁሉ የላቀ አይደለም፤ መድረኩ ከፍ ያለ ከሆነ የተወዛዋዦቹ እግር አይታይም፣ ለውዝዋዜ ወዳጅ ደግሞ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። የቡድን ውዝዋዜ ሰልፉና ቅርጹ ጎልቶ የሚታየው ከፍ ካለ ቦታ በመሆኑ፣ እኔ ብመርጥ ከምድሩ የኋላ ረድፎች ይልቅ የመጀመሪያውን ሰገነት የፊት መካከለኛ ወንበሮች እመርጣለሁ። የቦታዎቹ ስያሜም ያሳስታል፦ በኒው ዮርክ «ኦርኬስትራ» የሚባሉት የምድሩ ወንበሮች ሲሆኑ በለንደን እነዚሁ ወንበሮች «ስቶልስ» ይባላሉ። «ከፊል እይታ» ተብሎ በቅናሽ የሚሸጥ ወንበር ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ሳይከፍሉ በፊት የሚሸፈነው የትኛው ክፍል እንደሆነ መጠየቅ ግን ግድ ነው።

ርካሽ ትኬት የለም ብሎ ተስፋ መቁረጥም ሌላው ስህተት ነው። በኒው ዮርክ ታይምስ ስኩዌር ለዕለቱ የተረፉ ትኬቶችን በቅናሽ የሚሸጠው ኪዮስክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ፣ የለንደን ሌስተር ስኩዌሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ አገልግሎት እየሰጡ ነው። «ሬንት» የተባለው ሙዚቃዊ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1996 የኒው ዮርክ ዋነኛ የቴአትር ሰፈር ወደሆነው ብሮድዌይ ሲገባ የፊት ሁለቱን ረድፎች ለዕለቱ ገዢዎች በ20 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ሰልፉ ሌሊቱን እስከ ማደር ሲደርስም አሠራሩ ወደ ዕጣ ተለወጠ። ዛሬ ብዙ ትርኢቶች ተመሳሳይ ዕጣ አላቸው። ለአንድ ምሽት ብቻ ከተማ የገባና አንድ ትርኢት ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን ዕጣን ተማምኖ መጠበቅ የለበትም።

አሁን ከሁሉ አብልጦ ወደሚያሳስበኝ ስህተት ልምጣ፤ እርሱም በአዳራሹ መግቢያ ላይ «ዛሬ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ተጠባባቂዋ ናት» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ማዘንና መበሳጨት ነው። በሳምንት ስምንት ጊዜ መዝፈንና መወዛወዝ በድምፅና በአካል ላይ የሚያሳድረው ጫና ከባድ በመሆኑ የማንኛውም ተዋናይ መቅረት የሚጠበቅ ነገር ነው። ተጠባባቂዎች፣ በተለይም ብዙ ሚናዎችን በአንድ ጊዜ አጥንተው የሚጠብቁት «ስዊንግ» የሚባሉት ተዋንያን፣ የሙያው ምሰሶዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 በ«ዘ ፓጃማ ጌም» ሙዚቃዊ ድራማ የምትጫወተው ካሮል ሄኒ እግሯ ተጎድቶ ስትቀር ቦታዋን የያዘችው ተጠባባቂዋ ሺርሊ ማክሌይን ነበረች፤ በዚያ መድረክ ላይ ያያት ፕሮዲውሰርም ለፊልም አስፈረማት። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 በ«ዘ ሚውዚክ ማን» ዋናዋ ተዋናይት ሳተን ፎስተር በኮቪድ ምክንያት ስትቀር «ስዊንግ» የነበረችው ካቲ ቮይትኮ በዕለቱ ተለማምዳ ዋናውን ሚና ተጫወተች፤ በትርኢቱ ፍጻሜ ላይም የትርኢቱ ዋና ተዋናይ ሂው ጃክማን በተመልካቹ ፊት እርሷንና ባልደረቦቿን በልዩ ክብር አመሰገነ። ትኬቱን የገዙት ለአንድ ዝነኛ ሰው ብለው ከሆነ ግን ያ ሰው የማይጫወትባቸው ቀናት አስቀድሞ ተገልጸው እንደሆነ ይመልከቱ፤ በብሮድዌይ ስሙ ከትርኢቱ ርዕስ በላይ የተጻፈ ተዋናይ ሲቀር ገንዘብ ማስመለስ ወይም ቀን ማስለወጥ የተለመደ ነው፤ ከርዕሱ በታች ለተጻፈ ተዋናይ ግን ይህ አይሠራም።

ማዘግየትም ያስቆጫል። «ዘ ፋንተም ኦቭ ዘ ኦፔራ» የተባለው ሙዚቃዊ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ብሮድዌይ ላይ በመቆየቱ ብዙዎች ሁልጊዜ የሚኖር መስሏቸው ነበር፤ ሊዘጋ መሆኑ በሴፕቴምበር 2022 ሲነገር ግን ትኬት ፈላጊው ከመብዛቱ የተነሣ መዝጊያው በሁለት ወር ገደማ ተገፋ። ከ13,981 ትርኢቶች በኋላ ኤፕሪል 16 ቀን 2023 መጋረጃው ሲወርድ ሳያዩት የቀሩ ወዳጆች ጥቂት አልነበሩም። በጥቂት ሳምንታት የሚዘጉ ትርኢቶችም አሉና ያጓጓዎትን አዲስ ሥራ ለሚቀጥለው ዓመት አያሳድሩት።

ቀኑን በጥንቃቄ ማንበብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን 05/06 ተብሎ የተጻፈው ቀን በአሜሪካ ሜይ 6፣ በእንግሊዝ ደግሞ ጁን 5 ነው። የቀትር በኋላው ትርኢት ከምሽቱ ጋር የሚምታታበትም ሰው አለ። ዘግይቶ የደረሰ ተመልካች አመቺ ክፍተት እስኪገኝ፣ አንዳንዴም እስከ ዕረፍቱ ድረስ፣ በር ላይ ሊቆም ይችላል።

አዳራሹ ውስጥ ከገቡ በኋላ ዘፈኑን አብሮ መዝፈንና በስልክ መቅረጽ ከጎንዎ ለተቀመጠው ሰውም ለተዋናዩም በደል ነው፤ ያ ሰው የከፈለው የተዋናዩን ድምፅ ለመስማት ነው። ከትርኢቱ በኋላ በተዋንያን መውጫ በር ቆሞ ፊርማ መጠየቅ ያማረ ልማድ ቢሆንም፣ ተዋናዩ ወጥቶ የመፈረም ግዴታ የለበትም። በቀን ሁለት ትርኢት ባለባቸው ቀናት፣ በብሮድዌይ ብዙውን ጊዜ ረቡዕና ቅዳሜ፣ ከመጀመሪያው ትርኢት በኋላ ብዙዎቹ ለምሽቱ ድምፃቸውን ለማሳረፍ እዚያው ስለሚቀሩ፣ ፊርማ የሚፈልግ ሰው የምሽቱን ትርኢት ቢመርጥ ይሻለዋል።