የልጆቻችንን ሥዕል እንዳይበላሽ ብለን ስናበላሸው

ደሴ ውስጥ ኬጂ አስተምራለሁ። ሁለት ልጆችም አሉኝ። ፀሐይ ጥግ ላይ ሆና የምትስቅበት፣ እናት ከቤቱ የምትበልጥበት ሥዕል በእጄ ያልገባበት ቀን ትንሽ ነው። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ልጆቹ ቀደው የጣሉት ከቁጥር አይገባም። የቀረውን ያበላሸነው "እንዳይበላሽ" ብለን እኛው ነን።

ከፌስታል ልጀምር፤ ሆዴን የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። የደሴን ነሐሴ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የጦሳ ተራራ በጉም ተጀቡኖ ይውላል፣ የታጠበ ልብስ እምቢ ብሎ ሳይደርቅ ያድራል፣ ቁምሳጥን ውስጥ ያለ ጫማ ይሻግታል። ወላጅ ግን የዓመቱን ሥዕል ሰብስቦ ፌስታል ውስጥ ይከትና፣ ጥርቅም አድርጎ ቋጥሮ፣ አልጋ ስር ይወረውረዋል። ወረቀት እኮ እርጥበት ይጠጣል! ፌስታሉ ከውጭ የሚመጣውን ውሃ ይከለክል ይሆናል፤ ከወረቀቱ ጋር የታሰረው እርጥበት ግን በየት ይውጣ? መስከረም ላይ ሲፈታ ጥቁር ነጠብጣብ፣ የተጣበቀ ወረቀት፣ አፍንጫ የሚይዝ ሽታ። "ቲቸር፣ አስሬውም ሻገተብኝ" ይሉኛል። ስላሰርሽው ነዋ! በየዓመቱ እናገራለሁ፣ በየዓመቱ ያው ፌስታል ነው።

የጫማ ካርቶን ይበቃል። ለትልልቁ ወረቀት ከሱቅ ሰፋ ያለ ካርቶን ለምኑ። ከመሬት ከፍ ይበል፤ ቤታችሁ ጭቃ ከሆነ ደግሞ ከግድግዳው ራቅ ይበል። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲገለጥ አውጥታችሁ ጥላ ውስጥ አናፍሱት። እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ የፓርከር ቀለም ብርሃን ሲበዛበት ይደበዝዛል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ቆላ ቢጤ ስለሆናችሁ ትንሽ ይቀላችኋል። ክረምቱ ግን እናንተንም አይምርም።

ላሚኔሽን ላይ ስህተቱ የራሴ ነው። ልጄ በአራት ዓመቷ ሐይቅ ወስደናት ስትመለስ ውሃውን በሰም ከለር ደፍቃ ደፍቃ ሣለችው። መሃል ላይ አንድ ቢጫ ጀልባ አለ። ደስ ብሎኝ እንደ ሰርተፊኬት ላሚኔት ላስደርገው ፎቶ ኮፒ ቤት ይዤው ሄድኩ። ማሽኑ የሚያጣብቀው በሙቀት ነው፤ ሰም ደግሞ በሙቀት ይቀልጣል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም ነበር። በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ሲወጣ ሰማያዊው ፈስሶ ጀልባውን ውጦታል። ልጄ አየችውና "ጎርፍ መጣ እንዴ?" አለችኝ። አንዴ ከታሸገ ደግሞ መመለሻ የለውም። ሰም ከለር ያለበትን ሥዕል በየመሃሉ ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ ደርድሩት። ጋዜጣ አይሁን፤ ራሱ ቢጫ ይሆንና ሌላውንም ያቆሽሻል።

ፕላስተር አትለጥፉበት። ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ነው የሚነሳው።

ምስርና ፓስታ በኮላ የተለጠፈበትን ሥራ ፎቶ አንሱና ተሰናበቱት። ለነቀዝና ለአይጥ ቀለብ መስፈር ነው።

ስለ ፎቶ ካነሳን፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱት። ቴሌግራም ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ በፋይል ላኩት፤ በፎቶ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል። "ወረቀቱ እያለ ፎቶ ለምኔ" የምትሉ አላችሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከደሴ ስንወጣ የያዝነው ልጆቹንና ብርድ ልብስ ነው። ስንመለስ የልጄ የወንዱ ካርቶን አልነበረም። የቀሩኝ ስልኬ ላይ የነበሩት አሥራ ሁለቱ ናቸው።

ሌላው ስህተት ሳይጽፉ ማስቀመጥ ነው። ከጀርባው በእርሳስ ስም፣ ዕድሜና ቀን ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያሳልፋል። ደግሞም ልጁ ያለውን ቃል በቃል ጻፉ። ከአሥራ ሁለቱ በአንዱ ላይ ዶሮ የምትመስል ነገርና ጎንበስ ያለ ሰውዬ አለ። ጀርባውንም አንስቼው ኖሮ እንዲህ ይላል፦ "ባጃጇ ታማ አባዬ ሲያስታምማት።" ያን ባልጽፍ ዛሬም ዶሮ ናት ብዬ እምል ነበር።

ሁሉንም አስቀምጡ እያልኩ አይደለም። ሁሉን ያስቀመጠ አንዱንም አያይም። ዓመቱ ሲያልቅ ከልጁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አሥር ያህል ይምረጥ። የእናንተን ምርጫ አትጫኑበት፤ እናንተ "ያምራል" ያላችሁት ለእሱ ምኑም ላይሆን ይችላል። የተረፈው ልጁ በሌለበት ይወገድ። ይህችን አደራ።

አማቴ ይህን አልሰሙም። አምና ለቡና ከሰል ሲያያይዙ እጃቸው የገባው የልጅቷ ሥዕል ነበር፣ ያውም ዓይኗ እያየ። እሪ ስትል "አብሽሪ የኔ ዓለም፣ ነገ ሌላ ትስያለሽ" አሏትና ማራገቢያቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ ሥዕሏን ትደብቃለች። ባለፈው ሳምንት አልጋዋን ሳነጥፍ ፍራሹ ስር አገኘሁት። በፌስታል፣ ጥርቅም አድርጋ ቋጥራዋለች።