በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ድረ ገጽ ማስተናገድና አድራሻ ማዞር

ደሴ ላይ ተቀምጦ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ደንበኞቹ ትንንሽ ናቸው እንበል፦ ሐይቅ ዳር ያለ ሎጅ፣ ኮምቦልቻ ያለ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ፣ የባቲን የሰኞ ገበያ የሚያስጎበኙ ልጆች። ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ሆስቲንግ መከራየት፣ ያውም በዶላር፣ አያዋጣም። ኡቡንቱ የተባለው ሲስተምና ድረ ገጽ የሚያቀርበው ኢንጂንኤክስ የተባለው ፕሮግራም የተጫኑበት አንድ የኪራይ ሰርቨር ሦስቱንም ይችላቸዋል። ቤታችሁ ባለ ኮምፒውተር ለመሞከር ግን አታስቡ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሦስቱም አብረው ይሄዳሉ።

ፒያሳ ያለ ባለብዙ ሱቅ ሕንፃ በር ላይ ጥበቃው «ማንን ፈልገው ነው?» ብሎ እንደሚጠይቀው ነው ነገሩ። ብሮውዘር ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ የፈለገውን ዶሜይን ስም ይናገራል። ኢንጂንኤክስ ስሙን አይቶ ወደሚመለከተው ፎልደር ይመራዋል። አይፒው (የሰርቨሩ የቁጥር አድራሻ) አንድ ነው፤ የሚለያቸው ስማቸው ነው።

ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ሰርቨሩ ላይ ስትጽፉ በላቲን ፊደል ነው።

መጀመሪያ ዶሜይኑን የገዛችሁበት ገጽ ገብታችሁ የእያንዳንዱን ስም ኤ ሪከርድ (ስሙን ከአይፒ ጋር የሚያገናኘውን መስመር) ወደ ሰርቨሩ አይፒ አሳዩ። ደብሊው ደብሊው ደብሊው ያለበትንም የሌለበትንም። ለውጡ እስኪዳረስ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ አብሽሩ። እስከዚያው ፋየርዎሉ (የሰርቨሩ መከላከያ) ላይ ፖርት 80 (ለኤችቲቲፒ) እና 443 (ለኤችቲቲፒኤስ) ክፈቱ፤ ለየድረ ገጹም የራሱን ፎልደር አዘጋጁ።

ቀጥሎ ሳይትስ አቬይለብል በተባለው የኢንጂንኤክስ ፎልደር ውስጥ ለእያንዳንዱ አንድ ፋይል ፍጠሩ። ሁሉንም አንድ ፋይል ውስጥ ማጨቅ ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። በፋይሉ ውስጥ ሰርቨር ብላችሁ በጥምዝ ቅንፍ የታቀፈ ብሎክ ክፈቱ፤ በውስጡ ሦስት መስመር ይበቃል፦ ሊስን 80፣ ሰርቨር ኔም ከነዶሜይኑ፣ ሩት ከነፎልደሩ። የእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ሴሚኮለን አትርሱ። ከዚያ ኤልኤን ጭረት ኤስ በሚለው ትእዛዝ ፋይሉን ኢንጂንኤክስ ከሚያነበው ከሳይትስ ኢኔብልድ ፎልደር ጋር አገናኙት። የፋይሉን አድራሻ ከሥሩ ጀምራችሁ ሙሉውን ጻፉ፤ ካሳጠራችሁት ሊንኩ የትም ላያደርስ ይችላል።

አሁን ኢንጂንኤክስ ጭረት ቲ በሉ። ስህተት ካለ ፋይሉንና የመስመሩን ቁጥር ይነግራችኋል። ሲያልፍ ሪሎድ አድርጉ። ሪስታርት (አጥፍቶ ማስነሳት) አይደለም! ሪሎድ ላይ ስህተት ቢገኝ የቆየው አሠራር ይቀጥላል፤ ሪስታርት ላይ ግን ሦስቱም ደንበኞች አንድ ላይ ይደውሉላችኋል።

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው፦ የመለዋወጫውን ሱቅ ሲከፍቱ ሎጁ ይመጣል። ኢንጂንኤክስ የማያውቀው ስም ሲመጣበት «የለም» አይልም፤ ቀድሞ ያነበበውን ድረ ገጽ ያወጣል። ስለዚህ የሰርቨር ኔሙን ፊደል እዩ፣ ሊንኩ መሠራቱን አረጋግጡ። ዘላቂው መፍትሔ ግን ሊስን መስመሩ ላይ ዲፎልት ሰርቨር የተጻፈበት ለብቻው የቆመ ብሎክ ነው። ሪተርን 444 ጻፉበት፤ ስሙ ያልታወቀውን ያለ መልስ ይዘጋበታል።

ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት ሰርትቦት በተባለው ፕሮግራም ውሰዱ፤ ነፃ ነው፣ ራሱም ያድሰዋል። ደብሊው ደብሊው ደብሊው ያለበትንም የሌለበትንም ስም አስገቡ። ብሮውዘር ሰርተፊኬቱን የሚያየው ወደ ዋናው አድራሻ ከመዞሩ በፊት ነው። ደብሊው ደብሊው ደብሊው ያለበት ስም ሰርተፊኬት ከሌለው ሰውየው ሳይዞር በፊት ቀይ ማስጠንቀቂያ ይገጥመዋል።

ማዞሩ ራሱ አንድ መስመር ነው። ደብሊው ደብሊው ደብሊው ላለበት ስም ሌላ ብሎክ ክፈቱና ሪተርን 301፣ ቀጥሎ ዋናውን አድራሻ፣ መጨረሻ ላይ የዶላር ምልክት ያለበትን ሪኩዌስት ዩአርአይ (ሰውየው የጠየቀውን ገጽ) ጻፉ። ይቺ የመጨረሻዋ ከቀረች ቴሌግራም ላይ የሎጁን የክፍል ዋጋ ሊንክ የተጫነ ሰው መነሻ ገጹ ላይ ይወድቃል። ዋጋውን ፈልጎ የሚያገኝበት ትዕግሥት ደግሞ የለውም።

301 ማለት «ለዘለቄታው ተዛውሯል» ነው፤ ብሮውዘሮች ይይዙታል፤ ብታስተካክሉትም አንዳንዱ ስልክ ላይ አሮጌው ይቀጥላል። ስለዚህ መጀመሪያ በ301 ፋንታ 302 («ለጊዜው ተዛውሯል») ጻፉ። ሁለቱ ስሞች እርስ በርሳቸው እንዳይዞሩም ተጠንቀቁ፤ ብሮውዘሩ ሲዞር ቆይቶ ይተወዋል።

ለማየት ብሮውዘር አትጠቀሙ። ከርል የተባለውን ትእዛዝ ጭረት ትልቁን አይ አድርጋችሁ አድራሻውን ስጡትና ወዴት እንደሚዞር የሚናገረውን ሎኬሽን የሚለውን መስመር አንብቡ። ለአራቱም ዓይነት አድራሻ፣ ደብሊው ደብሊው ደብሊው ያለበትና የሌለበት፣ ኤችቲቲፒና ኤችቲቲፒኤስ ሆኖ፣ ሞክሩት። ሁሉም አንዱ ዋና አድራሻ ላይ ካረፉ 302ቱን ወደ 301 ቀይሩና ሪሎድ በሉ።