ሚክስድ ሞዴል ስንሠራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሚክስድ ሞዴል በቡድን በቡድን የተሰበሰበ ዳታ የሚተነተንበት የስታቲስቲክስ ሞዴል ነው። ከ10 የጎጃም ቀበሌዎች የጤፍ ምርት ዳታ ሰብስባችኋል እንበል። በየቀበሌው 12 ገበሬ፣ በየገበሬው 3 ማሳ። በድምሩ 360 መስመር።

360ውን መስመር እንደ 360 የማይተዋወቁ ምስክሮች አትቁጠሩ። የአንድ ገበሬ 3 ማሳዎች የሚታረሱት በአንድ እጅና በአንድ ጥማድ በሬ ነው። ይህን ረስታችሁ፣ ለምሳሌ የገበሬው ትምህርት ምርት ይጨምር እንደሆነ ብትፈትሹ፣ ስታንዳርድ ኤረሩ (ግምቱ ምን ያህል እንደማያስተማምን የሚለካው ቁጥር) ያለ አግባብ ያንሳል። የሌለው ውጤት ያለ ይመስላል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የቁጥር አሰጣጥ ነው፤ ሶፍትዌሩ ምንም ሳይናገር ያልፈዋልና። በየቀበሌው ገበሬዎቹን ከ1 እስከ 12 ቁጥር ሰጥታችሁ፣ ገበሬን ብቻውን ራንደም ኢፌክት (ሞዴሉ ከቡድን ቡድን የሚለያይ አድርጎ የሚይዘው) ካደረጋችሁት፣ ቢቸና አካባቢ ያለው ቁጥር 3 እና ደጀን አካባቢ ያለው ቁጥር 3 አንድ ሰው ይሆናሉ። 120 ገበሬ 12 ሆነ ማለት ነው። በአር (R) ሶፍትዌር፣ በኤልኤምኢ4 (lme4) ፓኬጅ የምትሠሩ ከሆነ በዕዝባር (1|ቀበሌ/ገበሬ) ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ገና መስክ ላይ ሳላችሁ ለእያንዳንዱ ገበሬ የራሱን መለያ መስጠት ነው። ውጤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የቡድኖቹን ብዛት እዩ። 120 ካላለ ሌላውን አታንብቡት።

የጮቄ ግርጌ ደጋና ወደ አባይ በረሃ የሚወርደው ቆላ ማዳበሪያን እኩል አይቀበሉም። ለቀበሌ የመነሻ ልዩነት ብቻ ሰጥታችሁ የማዳበሪያውን ስሎፕ (ማዳበሪያ ሲጨምር ምርት የሚለወጥበትን መጠን) ለሁሉም አንድ ካደረጋችሁት፣ በአማካዩ ከሚገባው በላይ ትተማመናላችሁ። ስሎፑም ከቀበሌ ቀበሌ ይለያይ።

ያኔ «ሲንጉላር» የሚል ማስጠንቀቂያ ሊመጣ ይችላል። አትለፉት። አንዱ ቫሪያንስ (ቡድኖቹ የሚለያዩበት መጠን) ዜሮ ሆኗል፣ ወይም ኮሪሌሽኑ 1 ወይም -1 ነክቷል፤ ዳታው የጫናችሁበትን ሁሉ አልቻለም። ሞዴሉን አቅልሉት። «ኮንቨርጅ አላደረገም» (ስሌቱ አንድ መልስ ላይ አልረጋም) ካለ ደግሞ ከፍታን በሜትር፣ ማዳበሪያን በኪሎ እንዳለ አታስገቡ፤ ስኬል አድርጉና (ወደ ተቀራራቢ መለኪያ አምጡና) ሞክሩ።

ቀበሌዎቹ 3 ብቻ ከሆኑ ፊክስድ ኢፌክት (እያንዳንዱ የራሱ ቋሚ ግምት ያለው) ይሁኑ። ከ3 ቀበሌ ቫሪያንስ መገመት አያስተማምንም።

ፊክስድ ኢፌክታቸው የተለያየ ሁለት ሞዴሎችንም፣ የሞዴሉ ቁጥሮች ከሚገመቱባቸው ሁለት ስልቶች፣ በሬምል (REML) አታወዳድሩ፤ በኤምኤል (ML) ይሁን። በኤልኤምኢ4 ሞዴሎቹን ለማወዳደር አኖቫ (anova) ስትሉ ራሱ በኤምኤል መልሶ ይሠራላችኋል። ስታታ የተባለው ሶፍትዌርም ከመነሻው ኤምኤል ነው። ኤስፒኤስኤስ (SPSS) የተባለው ሶፍትዌር ግን የሚጀምረው በሬምል ስለሆነ እናንተው ቀይሩት። የመረጣችሁትን ሞዴል ደግሞ በሬምል መልሳችሁ ሥሩና ያንን ጻፉ።