የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪን በጎንደር ዳገት ላይ መመዘን

ጠዋት ከጎንደር ወደ ደባርቅ ወጥቶ ማታ የተመለሰ የኤሌክትሪክ መኪና አሽከርካሪ በአንድ ቀን ሁለት የተለያዩ መኪናዎች የነዳ ሊመስለው ይችላል። ሲሄድ በአምባ ጊዮርጊስ አቀበት ላይ ዳሽቦርዱ የሚያሳየው ቀሪ ርቀት ከተነዳው ኪሎ ሜትር በላይ እየቀነሰ ያስደነግጠዋል፤ ሲመለስ ደግሞ ቁጥሩ አልቀንስ ብሎ፣ አንዳንዴም ጨምሮ ያገኘዋል። ባትሪው ግን ጠዋትም ማታም ያው ነው። የባትሪው ጤንነት (አዲስ ሳለ ይይዘው ከነበረው ኃይል አሁን ምን ያህሉን እንደሚይዝ)፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ርቀት እና ቻርጅ የሚደረግበት ፍጥነት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በአንዱ ሌላውን መፍረድ ስለማይቻል እያንዳንዱን በራሱ መመዘኛ መመርመር ያስፈልጋል።

የዳገቱን ዋጋ በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል። ሰውና ዕቃ ጨምሮ 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወጣ፣ ለመንገዱ ርዝመት ከሚፈጀው ሌላ 5.5 ኪሎዋት ሰዓት (የቤት መብራት ቆጣሪ የሚቆጥርበት የኃይል መለኪያ) ገደማ ይፈልጋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስትገኝ ደባርቅ 2,800 ሜትርን ታልፋለች፤ ስለዚህ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው መንገድ ላይ የተጣራው አቀበት 700 ሜትር ያህል ሲሆን ዋጋው ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። በሜዳ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት የሚበላ መኪና ወደ ደባርቅ ሲወጣ 20 ይበላል፤ ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጀነሬተር ሆኖ ከቁልቁለቱ ኃይል ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ስለሚመልስ 13.5 ገደማ ይበቃዋል። አንድ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ በመጀመሪያው ስሌት 300 ኪሎ ሜትር፣ በሁለተኛው 440 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል ማለት ነው። ወደ መተማ ለሚወርድ ሰው ልዩነቱ የባሰ ነው፤ ከፍታው 1,400 ሜትር ገደማ ስለሚቀንስ መመለሻው ብቻ ወደ 8 ኪሎዋት ሰዓት ተጨማሪ ያስከፍላል፤ በመሆኑም ‹በግማሽ ባትሪ ወርጃለሁ፣ በቀረው ግማሽ እመለሳለሁ› የሚለው ሒሳብ መንገድ ላይ ያስቀራል። እግረ መንገድ ለማንሳት ያህል፣ ከቁልቁለት ኃይል መሰብሰብ የሚቻለው ባትሪው ቦታ ሲኖረው ብቻ ነው፤ ደባርቅ አድሮ 100 በመቶ ሞልቶ የሚነሳ አሽከርካሪ የመጀመሪያዎቹን ቁልቁለቶች በተለመደው ፍሬን ለመውረድ መዘጋጀት አለበት።

አሁን ስክሪኑ ቁጥሩን ከየት እንደሚያመጣው እንመልከት። አንዳንድ መኪናዎች ቀሪውን ርቀት የሚያሰሉት በቅርብ በተነዱት ኪሎ ሜትሮች ፍጆታ ነው፤ እነዚህ ዳገት ላይ ይሰጋሉ፣ ቁልቁለት ላይ ይኩራራሉ። ሌሎቹ ደግሞ በፋብሪካው የተነገረውን ርቀት በባትሪው መቶኛ ከማባዛት ያለፈ ነገር አይሠሩም። ወደ አገራችን የገቡት ብዙዎቹ መኪናዎች ለቻይና ገበያ የተሠሩ በመሆናቸው የሚያሳዩት በቻይናው መለኪያ የተገኘውን ርቀት ነው፤ ይህ መለኪያ ደግሞ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የከተማ ውስጥ ዝግታን እንጂ የአገር አቋራጭ መንገድን አይመስልም። ለምሳሌ የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ባለ 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ በቻይናው መለኪያ 510 ኪሎ ሜትር ሲባል፣ ያው ባትሪ በአውሮፓው መለኪያ 420 ኪሎ ሜትር ተብሎ ይሸጣል። ስለዚህ ሙሉ ተሞልቶ 510 የሚል መኪና ባትሪው ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ በሦስት ዓመት ውስጥም ያው 510 ሊል ይችላል።

በዚህ ምክንያት ርቀትን በኪሎ ሜትር ከመቁጠር ይልቅ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚበላ መከታተል ይሻላል። መኪናው ይህን ቁጥር በጉዞ መረጃ ገጹ ላይ ያሳያል። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ደባርቅ እና ከፒያሳ አዘዞ ለሚደረገው የዕለት ምልልስ ለየብቻ መዝግበው ቢይዙት ከሁለት ወር በኋላ ከማንኛውም ስክሪን የተሻለ ትንበያ በእጅዎ ይኖራል። ፍጥነትን ከ100 ወደ 80 ዝቅ ማድረግ ከማናቸውም ብልሃት በላይ ርቀት ይጨምራል። የደጋው አየርም ያግዛል፤ በጎንደር ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ላይ ካለው ወደ 20 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ የነፋስ ግፊቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ወደ ጤንነቱ ስንመጣ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። ኤልኤፍፒ በሚል አጠራር የሚታወቀው የሊቲየም፣ የብረትና የፎስፌት ባትሪ አንድ ሴሉ (ተያይዘው ባትሪውን ከሚሠሩት ትንንሽ ክፍሎች አንዱ) 3.2 ቮልት ገደማ ሲሆን፣ ኤንኤምሲ የሚባለው የኒኬል፣ የማንጋኒዝና የኮባልት ባትሪ ሴል 3.6 ወይም 3.7 ቮልት ነው። ኤንኤምሲ ለዕለት አገልግሎት ከ20 እስከ 80 በመቶ መካከል ቢቆይ ዕድሜው ይረዝማል፤ ሙሉ መሙላት ለረጅም ጉዞ ዋዜማ የሚተው ነው። ኤልኤፍፒ ግን በየጊዜው፣ ብዙ አምራቾች እንደሚመክሩትም በሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ፣ እስከ 100 መሞላት ይፈልጋል። ምክንያቱ ቮልቴጁ በመካከለኛው ክልል ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚቆይ ኮምፒውተሩ ባትሪው 40 ይሁን 60 በመቶ ከቮልቴጁ መለየት ስለሚያቅተው ነው፤ የገባውንና የወጣውን እየቆጠረ ይገምታል፣ ትንንሽ የቆጠራ ስሕተቶችም ይደራረባሉ። ጫፍ ሲደርስ ብቻ ሒሳቡን ያስተካክላል።

እዚህ ላይ በእኛ ከተማ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን መኪናው ማታ ተሰክቶ 85 ወይም 90 ላይ ይቋረጣል፣ ጠዋትም ባለቤቱ ነቅሎ ይሄዳል። ይህ ለሳምንታት ሲደጋገም ኮምፒውተሩ ማስተካከያውን አያገኝም፤ አንድ ቀንም 18 በመቶ ሲል የነበረው ባትሪ በድንገት 7 ይላል። ባለቤቱ ባትሪው ሞተ ብሎ ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ መብራቱ በማይጠፋበት ሌሊት 100 በመቶ ሞልቶ፣ ቻርጀሩ ራሱ ጨረስኩ ብሎ እስኪያቆም ድረስ አለመንቀል ነው። ይህ ሳይደረግ ስለ ባትሪ መቀየር ማውራት ጊዜው ገና ነው።

ትክክለኛው የጤንነት ምርመራ በቤት ውስጥ የሚደረገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከላይ እንደተባለው አንድ ጊዜ ሙሉ ይሙሉት፤ ከዚያ እየነዱ ወደ 20 በመቶ ገደማ ያውርዱት። ማታ ሲሰኩ ቆጣሪው የሚያሳየውን የኪሎዋት ሰዓት ድምር ይጻፉ፣ 100 ሲሞላም እንደገና ይጻፉ። ማቀዝቀዣና ሌላ ዕቃ በዚያው ቆጣሪ ላይ ስላለ በዚያ ሌሊት የሚቻለውን ሁሉ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ለቻርጀሩ ብቻ ትንሽ ቆጣሪ በመስመሩ ላይ ማስገጠም ግን ከሁሉ የተሻለ ነው። ለምሳሌ 53 ኪሎዋት ሰዓት ቢገባ፣ በ7 ኪሎዋት ቻርጀር ወደ 10 በመቶ የሚሆነው በሙቀት ስለሚባክን ባትሪው ውስጥ የደረሰው 47.7 ነው። ይህ የ80 በመቶ ድርሻ በመሆኑ ለ0.8 ሲካፈል 59.6 ይመጣል፤ ሲገዛ 60.5 ከነበረ ጤንነቱ 98 በመቶ ገደማ ነው። ብክነቱ ከመኪና መኪና ስለሚለያይ ቁጥሩን እንደ ፍጹም ፍርድ አይውሰዱት፤ በየስድስት ወሩ በዚያው ቻርጀር፣ በተቀራራቢ የአየር ሁኔታ ቢደግሙት የሚያገኙት ለውጥ ግን እውነተኛ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ወይም በሁለተኛው ጥቂት መቶኛ ወርዶ በኋላ መውረዱ የሚዘገይ ከሆነ የሁሉም ሊቲየም ባትሪ ጠባይ ነውና አያሳስብም።

ባትሪን የሚያስረጀው ዋናው ነገር ሙቀት ሲሆን፣ ሙቀትና ሙሉ መሆን ሲገናኙ ጉዳቱ ይጎላል። ለዘብ ያለው የጎንደር አየር በዚህ ረገድ በረከት ነው። ቆላ ወርዶ 100 በመቶ የተሞላን መኪና ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ማቆም ግን ከብዙ ኪሎ ሜትር ጉዞ የበለጠ ይጎዳል። ለሳምንታት የማይነዳ መኪና በ50 በመቶ ገደማ ይቀመጥ።

ስለ ቻርጅ ፍጥነት የሚቀርበው ቅሬታ አብዛኛው የግድግዳው እንጂ የባትሪው አይደለም። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በ220 ቮልት 10 አምፔር ሲስብ 2.2 ኪሎዋት ብቻ ይሰጣል፤ ምሽት ላይ ቮልቴጁ ወደ 190 ቢወርድ 1.9 ይሆናል። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪን በዚህ ከ20 ወደ 80 ለማድረስ ብክነቱ ተጨምሮ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በ32 አምፔር የሚሠራው የግድግዳ ቻርጀር 7 ኪሎዋት ስለሚሰጥ ይኸው ሥራ ከስድስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ ነገር ግን ለብቻው የተዘረጋ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና አስተማማኝ የመሬት ሽቦ ይፈልጋል። በኤክስቴንሽን አይሞክሩት፤ ተራ ሶኬት ለሰዓታት በሙሉ አምፔር ሲሠራ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቀልጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ወደ 3.5 ኪሎዋት ስለሚስብ እንጀራ እየተጋገረ መኪና መሰካት ለብዙ ቤት መስመር ከአቅም በላይ ነው። የመሬት ሽቦውንም አይናቁት፤ በክረምት በደንብ ሲሠራ የነበረ ቻርጀር መጋቢት ላይ ቀይ መብራት እያበራ እምቢ ካለ፣ አፈሩ ደርቆ የመሬት ዘንጉ ግንኙነት ደክሞ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ጠርተው ያስለኩት።

ሰው ከተኛ በኋላ እንዲጀምር በመኪናው ሰዓት ቆጣሪ ማዘዝ ጥሩ ልማድ ነው። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ከሌሊቱ 6 ሰዓት እንዲጀምር ብዬ 6:00 ጻፍኩበትና ጠዋት ባዶ መኪና ጠበቀኝ፤ መኪናው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ የእኛ ሌሊት 6 ለእሱ 00:00 ነው፣ 6:00 ያልኩት ደግሞ የንጋቱ 12 ሰዓት ነበር።

በፈጣን ጣቢያ ላይ 120 ኪሎዋት ተብሎ የተጻፈበት መሣሪያ 40 ብቻ ሲሰጥ መኪናዎን ከመጠራጠርዎ በፊት ጎን ለጎን ሌላ መኪና መሰካቱን ይመልከቱ፤ ብዙ መሣሪያዎች ኃይሉን ለሁለት ያካፍላሉ። ባትሪው በብርድ ካደረ፣ በተለይ በደባርቅ ሌሊት፣ እስኪሞቅ ድረስ ቀስ ብሎ ይቀበላል፤ ከ80 በመቶ በኋላም ሴሎቹን ለመጠበቅ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የብዙ መሣሪያዎች መግለጫ እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ የሚል ሲሆን ጎንደር ከዚያ በላይ ናት፤ የሳሳ አየር በደንብ ስለማያቀዝቅዝ መሣሪያው ራሱን ቢገድብ አይገርምም።

በጥር 2024 እ.ኤ.አ. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ ያገለገሉ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ገበያም እየሰፋ ነው። ገዢ ከሆኑ ስክሪኑ ላይ ባለው ርቀት አይደራደሩ። ሻጩ 100 በመቶ ሞልቶ እንዲያመጣ ይጠይቁ፤ ደባርቅ ድረስ አብረው ሄደው ይመለሱ፤ የጉዞ ገጹ የሚያሳየውን አማካይ ፍጆታ በተነዳው ኪሎ ሜትር አባዝተው ለ100 ያካፍሉ፣ የመጣውንም በወረደው መቶኛ ያካፍሉት። 200 ኪሎ ሜትር በአማካይ 17 ሲበላ 34 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ባትሪው ከ100 ወደ 40 ከወረደ ለ0.6 ተካፍሎ 56.7 ይሰጣል፤ ይህን ባትሪው አዲስ ሳለ ከነበረው ጋር ያወዳድሩ። መኪናውን በ60 በመቶ ብቻ እያመጣ ‹ሌላ ጊዜ እሞላዋለሁ› የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት፣ ያ ሌላ ጊዜ እስኪደርስ ድረስ ቀብድ አይስጡ።