ስለ ሐዋሳ ሐይቅና ስለ ካልዴራ ስናወራ የምንደጋግማቸው ስህተቶች

«እሳተ ገሞራው የቱ ጋ ነው?» ብሎ እንግዳ ሲጠይቅ ብዙዎቻችን ታቦርን እናሳያለን። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ታቦር የእሳተ ገሞራ ኮረብታ መሆኑ እውነት ነው፤ ዋናው ግን እሱ አይደለም። ዋናው የሐዋሳን ከተማም ሐይቁንም ታቦርንም በውስጡ የያዘው ካልዴራ፣ ማለትም እሳተ ገሞራ የተወው ሰፊ ጎድጓዳ መሬት ነው። ስፋቱ ከ30 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ የሾለ ተራራ አትፈልጉ። ታቦር ላይ ወጥታችሁ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ወንዶ ገነት ተመልከቱ። ያ ገደላማ ግድግዳ የካልዴራው ጠርዝ ነው። እኛ የምንኖረው ወለሉ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ «ፍንዳታው ጉድጓዱን ቆፈረው» ማለት ነው። ካልዴራ የሚፈጠረው በመደርመስ ነው። ከሥር የተጠራቀመው ቅልጥ አለት በታላቅ ፍንዳታ ተተፍቶ ሲወጣ፣ ምሰሶው እንደተነቀለ ቤት ከላይ ያለው መሬት ወደ ውስጥ ይወርዳል። የሐዋሳው ከ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንዲህ ሆነ። በፍንዳታ የተቆፈረ ማየት የፈለገ ቢሾፍቱ ይሂድ። ሆራና ባቦጋያ የተኙባቸውን ጉድጓዶች የከፈተው፣ ቅልጡ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ የተነሳው የእንፋሎት ፍንዳታ ነው።

የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ሁሉ የካልዴራ ሐይቅ ማለትም ልክ አይደለም። ዝዋይና ላንጋኖ መሬቱ ተሰንጥቆ በወረደበት የተኙ ናቸው። ሻላ ግን የካልዴራ ነው፤ ጥልቀቱም 266 ሜትር ይደርሳል። የኛው ሐይቅ የያዘው የካልዴራውን ዝቅተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ ከ20 ሜትር ብዙም አይጠልቅም።

አሁን ወደ ምወደው ልምጣ። «መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ጨዋማ ነው» ይባላል። ብዙ ቦታ ያስኬዳል፤ ሻላም ለዚህ ምስክር ነው። ሐዋሳ ላይ ግን አይሠራም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃው ግን ጨዋማ አይደለም። ምክንያቱ ከሥር ነው። ውሃው የሚጎድለው በትነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጨው እየተጠራቀመ ይሄድ ነበር። ከፊሉ ግን በስንጥቆችና ውሃ በሚያሳልፍ አለት ሰርጎ ይወጣል፤ ጨውንም ይዞ ይሄዳል። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄዳችሁ የቆሮሶውንና የአምባዛውን ብዛት እዩ። ያ ሁሉ ዓሣ የቆመው በዚህ በማይታየው መውጫ ነው። ስለዚህ በሐይቁ ዙሪያ ያለውን መሬት የሚበክል ሰው ሐይቁንም ከርሰ ምድር ውሃውንም አብሮ ይበክላል። ይሄ ሊያሳስበን ይገባል።

የመጨረሻው «ድሮ የሞተ ነገር ነው» የሚለው ነው። ከሐይቁ ሰሜን ምዕራብ፣ በትልቁ ካልዴራ ውስጥ ሌላ አለ፤ ኮርቤቲ። በእሱ ውስጥ ደግሞ ኡርጂና ጫቢ የሚባሉ ወጣት እሳተ ገሞራዎች ተነስተዋል። ጫቢ ላይ እንደ ጥቁር መስታወት የሚያብረቀርቅ ባልጩት ታገኛላችሁ፤ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል። በከተማው ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስም የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። አንድ አንስታችሁ ውሃ ላይ ጣሉት፤ ጋዝ የቦረቦረው ድንጋይ ስለሆነ ይንሳፈፋል። በሳተላይት እንደተለካው ኮርቤቲ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በዓመት በርካታ ሴንቲ ሜትር ሲያብጥ ቆይቷል። ይህን ሰምቶ «ነገ ይፈነዳል» ብሎ ሰው ማስደንገጥም ያው ስህተት ነው። ያበጠ ካልዴራ ሁሉ አይፈነዳም፤ ብዙዎቹ አብጠው መልሰው ይረጋሉ። የሚያስፈልገው ሳያቋርጡ መለካት ነው።