ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ለምን ያገረሻል? ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

የመጀመሪያው ስህተት "ሪሚሽን ገብተሃል" ሲባል በሽታው ሙሉ በሙሉ ጠፋ ብሎ ማሰብ ነው። ሪሚሽን ሲባል መቅኔው በማይክሮስኮፕ ታይቶ ያልበሰሉት የካንሰር ሴሎች (ብላስት የሚባሉት) ከ5% በታች ሆነዋል፣ የደም ቁጥሩም ተስተካክሏል ነው። በሽታው ሲገኝ ሰውነት ውስጥ ወደ አንድ ትሪሊዮን የሚጠጋ የካንሰር ሴል ሊኖር ይችላል፣ ከዛ ላይ 99% ቢሞት እንኳን 10 ቢሊዮን ይቀራል እኮ! ስለዚህ ሐኪማችሁን "ኤምአርዲ ተሰርቷል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት፣ ከህክምና የተረፈን የካንሰር ሴል፣ ከ10,000 ሴል መሀል አንዷን እንኳን፣ ፈልጎ የሚያገኝ ምርመራ ነው። ኔጌቲቭ ከሆነ በጣም ደስ ይላል፣ ዋስትና ግን አይሆንም።

ሁለተኛው፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ፣ ተሽሎኛል ብሎ ኪኒን ማቋረጥ ነው። አኪዩት ሊምፎብላስቲክ የሚባለው አይነት ህክምናው ከ2 እስከ 3 አመት ይፈጃል፣ አብዛኛው ጊዜ ደግሞ መርካፕቶፑሪንና ሜቶትሬክሴት በሚባሉ እቤት በሚወሰዱ መድሀኒቶች ነው የሚያልፈው። ይሄን ያህል የሚረዝመው ኬሞ (የካንሰር ሴል የሚገድለው መድሀኒት) በዋናነት የሚገድለው እየተባዛ ያለውን ሴል ስለሆነ ነው፣ ተኝቶ የቆየው ያመልጥና በኋላ ሲነቃ መድሀኒቱ እዛው ሊጠብቀው ይገባል። ልጁ እየሮጠ እየተጫወተ ምን ኪኒን ያስፈልገዋል የሚል ወላጅ አለ፣ እባካችሁ እንዲህ አትበሉ፣ ከታዘዘው መርካፕቶፑሪን ከ5% በላይ የዘለሉ ልጆች ላይ በሽታው ይበልጥ እንደሚያገረሽ በጥናት ታይቷል።

"ደሙ ንጹህ ነው፣ ጀርባው ላይ መርፌ ለምን?" የሚሉም አሉ። ብዙው ኬሞ ወደ አንጎል በደንብ አይገባም፣ ሴሎቹ እዛ ይደበቃሉ፣ ወንዶች ላይ የዘር ፍሬ ውስጥም እንደዚሁ። መርፌው መድሀኒቱን አከርካሪ ውስጥ ወዳለው ፈሳሽ በቀጥታ ያደርሰዋል፣ አትዝለሉት።

ካገረሸ ደግሞ በሽተኛውን ወይ ራስን መውቀስ ይመጣል፣ ምን በላህ ለምን ተጨነቅክ እየተባለ። መድሀኒቱን አንድም ሳይዘል የወሰደ ሰው ላይም ያገረሻል፣ ስለዚህ ተዉት።

አገረሸ ማለት አበቃ ነው ብሎ ተስፋ መቁረጥም ስህተት ነው። መቅኔ ንቅለ ተከላ አለ፣ እንደ አይነቱ ብሊናቱሞማብ (የሰውነትን መከላከያ ሴል ከካንሰሩ ሴል ጋር የሚያገናኝ መድሀኒት) አለ፣ ካር-ቲ (የራስ መከላከያ ሴል ተወስዶ ካንሰሩን እንዲያጠቃ ተቀይሮ የሚመለስበት ህክምና) አለ። ብቻ የተመለሰው ሴል ከመጀመሪያው ሊለይ ይችላል፣ መድሀኒቱን የተቋቋመው ነው ተርፎ የሚባዛው፣ ስለዚህ በድሮው ውጤት ከመቀጠል የመቅኔና የጂን ምርመራው እንደ አዲስ ይሰራልኝ በሉ።